ሐይቁ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ቤት፦ የኦሞ ዴልታ ደሴቶችና የደቡብ ኦሞ መሬት ታሪክ

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ቤት ልትሠሩ ነው እንበል። ያገኛችሁት ቦታ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁርና ለም ነው፤ ውሃው ቅርብ ነው፤ ለከብት የሚሆን ሣርም ሞልቷል። አንድ ችግር ብቻ አለበት። ይህ መሬት የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የሐይቅ ወለል ነበር። ተመልሶ የሐይቅ ወለል ሊሆንም ይችላል፤ መቼ እንደሆነ ግን ቀኑን ቆርጦ የሚነግራችሁ ሰው የለም። ታዲያ ምን ዓይነት ቤት ትሠራላችሁ?

ጥያቄው ከፈተና ወረቀት የወጣ አይደለም። ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት ዴልታ የሚኖሩት ዳሰነቾች ትውልድ በትውልድ ሲመልሱት የኖሩት ጥያቄ ነው። መልሳቸውም ብልህ መልስ ነበር። አሁን ግን ያ መልስ የማይሠራበት ዘመን መጥቷል። ለምን? ይህን ለመረዳት የአንድ ሐይቅን ታሪክ መከተል ይኖርብናል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጂንካ ቁልቁል

ጉዟችንን ከጂንካ እንጀምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,490 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአሪዎች አገር ትገኛለች። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለምታገኝ ዙሪያዋ አረንጓዴ ነው፤ እንሰቱም ቡናውም ከየቤቱ ጓሮ አለ። ጂንካን በድሮ ጊዜ ያዩ ሰዎች አንድ ነገር አይረሱም። አዲሱ የአስፋልት ማኮብኮቢያ ከመሠራቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው በከተማዋ መሃል ባለ የሣር ሜዳ ላይ ነበር። አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ሜዳው የከብት መሰማሪያ ነው፣ የልጆች ኳስ ሜዳ ነው፣ የእግረኛ አቋራጭ ነው። አንድ መሬት፣ በተለያየ ሰዓት የተለያየ ሥራ ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ከጂንካ ተነስታችሁ በቱርሚ በኩል ወደ ደቡብ ስትወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እያጠረና እሾሃማ እየሆነ ይሄዳል። ኦሞራቴ ስትደርሱ ከጂንካ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። እዚህ ዝናቡ በዓመት ከ400 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በዚህ ዝናብ ብቻ ማሽላ አርሶ መብላት ዕድልን መፈተን ነው። ሆኖም ከፊታችሁ አንድ ትልቅ ወንዝ ደፍርሶ ይሄዳል። ኦሞ ነው። ውሃው የዘነበው እዚህ ሳይሆን በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ፣ በጊቤና በጎጀብ ተፋሰስ ደጋዎች ነው። የዴልታው ሰው የሚኖረው እንግዲህ በሌላ አገር ዝናብ ነው።

ሁለት ዓይነት ደሴት

«ደሴት» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ጣናን ነው። ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን የመሳሰሉት የጣና ደሴቶች ከውሃው በላይ የቀሩ የዓለት ኮረብቶች ናቸው። ውሃው ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም ደሴቱ የትም አይሄድም። እዚያ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ቢቆም አይገርምም።

የኦሞ ዴልታ ደሴቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው። ወንዙ ከደጋው ያጠበውን አፈር ተሸክሞ ይወርድና ሐይቁ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል። ፍጥነቱን ያጣ ውሃ ደግሞ ጭነቱን ያወርዳል። ደለሉ እየተቆለለ ወንዙን ይከፋፍለዋል፤ በቅርንጫፎቹ መካከልም ጠፍጣፋ ደሴቶች ይፈጠራሉ። ሣር ይበቅልባቸዋል፣ ከብት ይሰማራባቸዋል፣ ማሽላ ይዘራባቸዋል፣ ሰው በአንድ ግንድ ታንኳ ይሻገርባቸዋል። የጣና ደሴት ዓለት ከሆነ የኦሞ ደሴት ጭቃ ነው። ወንዙ የሰጠውን ወንዙ ይወስደዋል፤ ሐይቁም እንዲሁ።

አንድ ሙከራ እንሥራ። ከቤታችሁ ሰፊ ትሪ አምጡና አንዱን ጫፍ በጣም ትንሽ፣ ጣት በማይሞላ ውፍረት ከፍ አድርጉት። ዝቅ ባለው በኩል ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱና ውሃው የደረሰበትን ምልክት አድርጉ። ግማሽ ብርጭቆ ጨምሩበት። ውሃው ወደ ላይ የጨመረው ከፍታ በዓይን አይታይም፤ ወደ ጎን የሄደው ርቀት ግን ይታያል። ዴልታውም እንደዚሁ ነው። መሬቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ቢሆን፣ ሐይቁ በሁለት ሜትር ሲጨምር ዳርቻው ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ መንደራችሁ ይመጣል ማለት ነው። ሁለት ሜትር ለሐይቅ ትንሽ ነው፤ ለመንደር ግን ሁሉም ነገር ነው።

የማይቆም ዳርቻ

ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ውሃ ይገባል እንጂ በወንዝ አይወጣም፤ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብላጫውን፣ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጣው ኦሞ ነው። ስለዚህ ደጋው ላይ የዘነበው ሲጨምር ሐይቁ ያብጣል፤ ሲቀንስ ይጎድላል። ሐይቁ የደጋው ዝናብ መዝገብ ነው ብንል አንሳሳትም።

መዝገቡን ወደ ኋላ እናገላብጠው። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት አካባቢው በጣም እርጥብ ነበር። ሐይቁ ከዛሬው ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ ናይል ተፋሰስ ይፈስ ነበር። ዛሬ ከሐይቁ በጣም ርቀው በደረቅ መሬት ላይ የሚገኙት የቀንድ አውጣና የዓሣ ቅሪቶች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ1880 ዓ.ም. ሳሙኤል ቴሌኪና ሉድቪግ ፎን ሄንል የተባሉ አውሮፓውያን ተጓዦች ከደቡብ በኩል መጥተው ሐይቁን አዩ፤ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስምም «ሩዶልፍ» ብለው ካርታ ላይ ጻፉት። የአካባቢው ሰው የራሱ መጠሪያ እንደነበረው ግልጽ ነው፤ ቱርካና የሚለው ስም ካርታው ላይ የወጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ወርዶ ወንዙ ወደዚሁ ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ከከፋ ተነስቶ እስከ ሐይቁ ደረሰ፤ አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ መኮንንም አብሮ ተጉዞ ያየውን ጽፏል።

እነዚህ ሰዎች ያዩት ሐይቅ ሙሉ ሐይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ግን ውሃው እየሸሸ ሄደ። ተጓዦች በውሃ ተሞልቶ ያዩት ሳንደርሰን የተባለው ሰርጥ ደርቆ ሜዳ ሆነ።

ይህን ታሪክ ሰብስቦ ያጠናው ካርል ቡትዘር የተባለ የመልክዓ ምድር ሊቅ ነው። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ኦሞ ከመጡት ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። የተጓዦችን ማስታወሻ፣ የድሮ ካርታዎችን፣ ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶግራፎችንና በመሬቱ ላይ የቀሩትን የድሮ ዳርቻ ምልክቶች አንድ ላይ አነጻጸረ። ያገኘው ውጤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐይቁ እርሱ ካየው በ15 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደነበር ያሳያል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ባለ አራትና አምስት ፎቅ ሕንፃ የሚያህል ከፍታ! ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳተላይቶች የሐይቁን ከፍታ ከሰማይ ሆነው ይለካሉ፤ መውጣት መውረዱ ዛሬም አልቆመም።

ሐይቁ ሲሸሽ ዴልታው አደገ። በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር አዲስ መሬት ከውሃ ውስጥ ወጣ፤ ሰውና ከብትም ተከትሎ ወረደ። የጣና ዳር ገበሬ እንዲህ ዓይነቱን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሸሸ ነገር ይመለሳልና።

ተነቃይ ቤት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በባሕር ሸሽ ላይ ምን ዓይነት ቤት ይሠራል?

የዳሰነች ቤት እንደተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው። እንጨቶች መሬት ውስጥ ይተከሉና ተለምጠው ከላይ ይታሰራሉ። በዚያ አጽም ላይ ቆዳና ሰሌን ይለብሳል፤ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ቆርቆሮና የተዘረጋ ጣሳ ተጨምሯል። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። መሐንዲሷም፣ ግንበኛዋም፣ የቤቱ ባለቤትም እናት ናት። መንደሩ ሲነሳ ቤቱ ይፈታል፤ የሚጠቅመው እንጨትና ልባሱ ተጭኖ ይሄዳል።

ይህን ቤት ከደጋው ቤት ጋር ስናወዳድር ብዙዎቻችን «ጊዜያዊ ጎጆ» ብለን እናልፈዋለን። ቅርጹን ግን በሒሳብ ዓይን እዩት። የተወሰነ መጠን ያለው ልባስ ቢኖራችሁና በዚያው ትልቅ የውስጥ ይዘት መከለል ብትፈልጉ፣ ከሁሉም የሚያዋጣው ቅርጽ ግማሽ ሉል ነው። ከብት ያረደ ሰው ቆዳ ውድ መሆኑን ያውቃል። ሜዳው ላይ ንፋስ የሚያቆም ተራራ ስለሌለ ዝቅ ያለና ማዕዘን የሌለው ቤት ንፋሱን ያሳልፈዋል። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ይህ ቤት ግን የሚሟሟ ግድግዳ የለውም። እህሉ ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት እግር ላይ በቆመ ጎተራ ይቀመጣል፤ ከእርጥበትም ከአይጥም ይርቃል።

ቆርቆሮው ግን ጣጣ አለው። ዝናብ አያስገባም፣ አይበሰብስም፣ የከብት ቆዳ ባነሰበት ዘመንም ይገኛል። ነገር ግን በዚያ ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል። አንድ አዲስ ቁስ አንዱን ችግር ሲፈታ ሌላውን እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

በዚህ አስተሳሰብ ዳሰነቾች ብቻቸውን አይደሉም። በባንግላዲሽ ጃሙና ወንዝ ውስጥ «ቻር» የሚባሉ የደለል ደሴቶች አሉ። ወንዙ ደሴቱን መብላት ሲጀምር ነዋሪዎቹ የቆርቆሮ ቤታቸውን ፈትተው በጀልባ ጭነው ወደ ሌላ ቻር ይሻገራሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ወደ አንድ መልስ ደረሱ፤ ጥያቄው አንድ ነበርና።

ያልተጻፈው ፕላን

ቤቱ የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የመሬት አጠቃቀሙ ነው።

ኦሞ በክረምት ወራት እየሞላ ሄዶ በነሐሴና በመስከረም ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ውሃው ሲሸሽ እርጥብ ደለል ትቶ ይሄዳል። ገበሬው በዚያ እርጥበት ማሽላውን ይዘራል፤ ዝናብ ሳይጠብቅ፣ ማዳበሪያም ሳይገዛ ያጭዳል። የሚታረሰውም መሬት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የወንዙ ዳር ነው። ጠባብ ቢሆንም ውሃው ትንሽም ቢመጣ ይደርሰዋል። ሁለተኛው ሰፊው ሜዳ ነው። ብዙ ያበላል፤ ግን ትልቅ ሙላት ካልመጣ አይዘራም። በሁለቱም ላይ ማሳ ያለው ቤተሰብ በክፉም በደግም ዓመት ባዶ እጁን አይቀርም። በደረቁ ወራት ከብቶች ወደ ዴልታው ሣር ይወርዳሉ፤ ውሃው ሲመጣ ወደ ከፍታው ይወጣሉ። ከብት ያለቀባቸው ደግሞ ዲየስ ይባላሉ፤ ወንዙና ሐይቁ ዳር ሆነው ዓሣ ያጠምዳሉ።

የጂንካን ሜዳ አስታወሳችሁ? አንድ መሬት፣ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ሥራ። በዴልታውም አንዱ መሬት በነሐሴ ሐይቅ ነው፣ በጥቅምት እርሻ ነው፣ በየካቲት ግጦሽ ነው። ይህ ፕላን ወረቀት ላይ አልተሳለም፤ ግን ፕላን ነው። የሚከፋፍለውም ቦታን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ጭምር ነው።

«ከተማ» ማለትስ ምን ነበር?

አንዳንዶቻችሁ «ግን እኮ ሥልጣኔ የሚመጣው አንድ ቦታ ሲረጋ ነው» ትሉ ይሆናል። እስቲ የራሳችንን ቃል እንመርምር። «ከተመ» ማለት ሰፈረ፣ ድንኳን ጣለ ማለት ነው፤ «ከተማ»ም መጀመሪያ የጦር ሰፈር ነበር። ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ መዲና አልነበራቸውም። ንጉሡ፣ ሠራዊቱና ገበያው በድንኳን ይኖሩ ነበር፤ የአካባቢው እንጨትና እህል ሲያልቅ ከተማው ተነስቶ ይሄዳል። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. አካባቢ ስትቆረቆር ነው ይህ ልማድ መለወጥ የጀመረው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በማገዶ እጥረት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር፤ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበርና። ባሕር ዛፍ ባይደርስላት ኖሮ ታሪኳ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ መንቀሳቀስ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም። የመሬቱ አቅም ሲያልቅ ወይም ሲለወጥ የሚሰጥ መልስ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ መሄጃ ቦታ መኖር አለበት።

መሄጃው ሲጠብ

የዳሰነች ፕላን የተጎዳው እዚህ ላይ ነው። በ1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ብሪታንያ የደቡቡን ድንበር በስምምነት ከለሉ። መስመሩና እርሱን ተከትሎ የመጣው የኢሌሚ ሦስት ማዕዘን ውዝግብ የድሮ የግጦሽ መንገዶችን ቆረጠ። ቤቱ ይንቀሳቀሳል፤ ድንበር ግን አይንቀሳቀስም። በኋላም በወንዙ ዳር ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች መጡ።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከወትሮው በላይ ሞልቶ በሌሊት መንደሮችን አጥለቀለቀ፤ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችም አለቁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ በዚያ ሌሊት ግን ማሳሳቂያ ጊዜም አልሰጠም። በዚያው ዓመት በወንዙ ላይኛው ክፍል የግልገል ጊቤ ሦስት ግንባታ ተጀምሮ ነበር። 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድብ ሙላትን ያለዝባል። ይህ ለሰው ሕይወት ደኅና ነው፣ ለአገርም መብራት ነው። ግን ማሽላው የሚዘራው በዚያው ሙላት ነበር። ደለሉም በግድቡ ውስጥ ስለሚቀር ዴልታው የሚገነባበት አፈር ይቀንሳል።

ብዙዎች ያኔ የሰጉት ሐይቁ እንዳይጎድል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ከባድ ዝናብ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ብዙዎቹን አሳበጠ፤ ቱርካናም ከነዚሁ አንዱ ነበር። በዳሰነች ወረዳ ቀበሌዎች በውሃ ተዋጡ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዳሰነቾች 48 ሺህ ገደማ እንደነበሩ ስታስቡ የጉዳቱ ክብደት ይገባችኋል። ሣር የነበረው ሜዳ ውሃ ሆነ፤ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ ደሴት ሆነው ቀሩ። ከቤቱ ጋር ትምህርት ቤትና ጤና ኬላም ውሃ ውስጥ ገባ። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ጎጆው ተነቅሎ ሊጫን ይችላል፤ የሲሚንቶ ትምህርት ቤት ግን የተሠራው ዳርቻው የማይንቀሳቀስ መስመር እንደሆነ ታስቦ ነው።

መስመር ሳይሆን ቀበቶ

እንግዲህ ዋናው ትምህርት ይህ ነው። የሐይቅ ዳርቻ መስመር ሳይሆን ቀበቶ ነው፤ ውሃው በሰው ዕድሜ ውስጥ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሰፊ ቀበቶ። ቡትዘር ያነጻጸራቸው ማስረጃዎችና የዛሬዎቹ ሳተላይቶች የቀበቶውን ስፋት ያሳዩናል። ፕላን አውጪው ይህን ከተቀበለ ብዙ ነገር ይቀላል። በቀበቶው ውስጥ እርሻ፣ ግጦሽና ተነቃይ ቤት ይኑር፤ መምህሩም ክፍሉም አብሮ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ሆስፒታሉ፣ መጋዘኑና የውሃ ማማው ከቀበቶው በላይ ይሠራ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃው ሲመጣ ሰውና ከብት የሚሸሹበት ከፍ ያለ መሬት አስቀድሞ ይከለል፤ ለሌላ ሥራ አይሰጥ።

ይህ እንደ አዲስ ሐሳብ ሊመስል ይችላል። ግን ከዳሰነች እናቶች ቤት የተለየ አይደለም። የተጨመረበት ነገር ቢኖር ካርታና መለኪያ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሜዳ ላይ ሰፈር ሲቀየስ ካያችሁ፣ በአዲስ አበባ ወንዝ ዳርም ይሁን በባሕር ዳር ወይም በኦሞራቴ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ቦታ የዛሬ መቶ ዓመት ምን ነበር?» መልሱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በአቅራቢያችሁ አሉ። ከምሰሶው በፊት እነሱ ይጠየቁ።